«የለም» የምልበት መስኮት

ቡሬ አቅራቢያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲስት ነኝ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት አይደርሰንም። እንዲህ በተዘጋበት አንድ ሰሞን ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ጋ ቆሜ የምለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «የለም»።

አንድ ቀን አንድ ቄስ ከገጠር በእግራቸው መጡ። የሚጥል በሽታ ላለባት ልጃቸው በየወሩ ክኒን የሚወስዱ ናቸው። ካርዷን ሲዘረጉልኝ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«አባታችን፣ ዛሬም አልመጣም» አልኳቸው።

«ከትናንት ወዲያ ምድጃ ላይ ወደቀች። እጇ ተቃጠለ» አሉኝ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ፋርማሲ ለከፈተች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩ። እሷም ዘንድ ካለቀ ሰንብቷል። ቄሱ ከፊቴ ተረድተውት ኖሮ መስቀላቸውን በመስኮቱ አሾልከው አሳለሙኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ!» ብለውኝ ሄዱ።

በሩን ዘግቼ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ሙያ የመረጥኩት ሰው ይድንበታል ብዬ ነበር። ሲወጣልኝ የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ለኃላፊያችን ወሰድኩለት። አነበበና መልሶ ሰጠኝ።

«እኔም የጻፍኩት ኪሴ ውስጥ አለ» አለኝ። «ሁለታችንም ከሄድን ማን በሩን ይከፍታል?»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

ክኒኑ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የልጅቷን ድርሻ ለይቼ፣ ካርድ ቁጥሯን ጽፌ አስቀመጥኩላት። ቄሱ ግን እስካሁን አልመጡም፤ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ሰው ሳገኝም ስለ እሷ ለመጠየቅ እፈራለሁ።