ደችኛ ተምሮ ወደብ የወረደው ጃፓናዊ

አምስተርዳም፣ ኖርድ የሚባለው ሰፈር በገባሁ በዓመቱ የሆላንዶቹን ቋንቋ፣ ደችኛ መማር ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ጃፓናዊት ነበሩ። አገራቸው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ያገባች ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነው። ሁሉም በስማቸው ሲጠራቸው እኔ አፌ እሺ አላለኝም፤ በደችኛም ቢሆን «እርስዎ» እያልኳቸው ቀረሁ።

አንድ ቀን መምህራችን ሥዕል እያሳየ የዕቃ ስም ጠየቀን። እኛ ስንንተባተብ እሳቸው ብርጭቆውንም፣ ቢራውንም፣ የተማሪ ቦርሳውንም ቶሎ ቶሎ ጠሩ።

«መቼ አጠኑት?» አልኳቸው።

«የት አጥንቼ! እኛም በጃፓንኛ ጋራሱ፣ ቢሩ፣ ራንዶሴሩ እንላቸዋለን። ከሆላንዶች የወሰድናቸው ቃላት ናቸው» ብለው ሳቁ። ጃፓን በሯን ዘግታ በኖረችበት ዘመን ከአውሮፓውያን መነገድ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ የምዕራቡን ሕክምና ወይም ሳይንስ የፈለገ ሁሉ ደችኛ ይማር እንደነበር ነገሩኝ።

በዚያው ሰሞን ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ቤት ሥራ አገኘሁ። መስታወት ፊት ቆሜ የተለማመድኩትን ሰላምታ በደችኛ ባቀርብ አለቃዬ ግራ ገባው። ፖላንዳዊ ነው። «በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» አለኝ። የሥራ ጓደኞቼም ከጋና፣ ከህንድ፣ ከሩማንያ የመጡ ናቸው፤ ደችኛ የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ብዙም አልራቀም።

ከክፍል ወጥተን፣ ውኃውን በምንሻገርበት፣ ፖንት በሚሉት ጀልባ ላይ ለጃፓናዊቷ ብሶቴን ዘረገፍኩት። «ከእንግዲህ አልመጣም። ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ደከምኩ!»

እሳቸውም በዚያ በር በተዘጋበት ዘመን ስለኖረ አንድ ጃፓናዊ ወጣት ምሁር አወሩልኝ። ለዓመታት መጽሐፍ በእጁ እየጻፈ እየገለበጠ ደችኛ ተማረ። የአገሩ ወደቦች ለውጭ ሰው እንደተከፈቱ በደስታ ሊያይ ሄደ። ምን ያደርጋል፣ የሱቁ ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ የሚያናግረው ሰውም አጣ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«እግሩ እስኪዝል ተጉዞ ተመለሰ፤ አዘነ። በማግስቱ እንግሊዝኛ ጀመረ። ሲገባበት ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ሆነው አገኛቸው፤ ደችኛው ጠቀመው።»

ሳቄ መጣ። የተሰማኝን ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞኝ የተሰማው ሰው መኖሩ እንዴት እንደቀለለኝ! ትምህርቱን አልተውኩም፤ እንግሊዝኛውንም ከሥራ ጓደኞቼ እየለቃቀምኩ ያዝኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሮተርዳም አካባቢ የሚኖር ሆላንዳዊ ሽማግሌ ሾፌር አትክልት ጭኖ መጣ። የዕቃው መረከቢያ ወረቀት ላይ ስህተት አለ፤ እሱ በደችኛ ይጮኻል፣ አለቃዬ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። መሃል ገብቼ ለሁለቱም አስረዳኋቸው። ሾፌሩ «እግዜር ይስጥሽ! በገዛ አገሬ የሚሰማኝ አገኘሁ» ብሎ ሁለት ትልልቅ አበባ ጎመን አሸከመኝ። በሳምንቱ አለቃዬ ዕቃ መረከቢያው ላይ መደበኝ። እስከዛሬም እዚያው ነኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ።