የውስኪዋ ዘፈን

መዝሙሩን ሲጨርስ ምእመናኑ በጭብጨባ ፈንታ «አሜን» አሉት። እሱ ግን በልማድ ባርኔጣውን ሊያነሳ እጁን ሰዶ መላጣውን ነካ። ዕድሜውን በአሜሪካዋ ቴነሲ መጠጥ ቤቶች ሲዘፍን ያለ ባርኔጣ ያየው የለም። አሁን እንጀራው ፓስተሮች ሲጠሩት በየገጠሩ መዘመር ነው።

ከአምልኮው በኋላ ግቢው ውስጥ የዶሮ ጥብስ ሲበላ፣ ባሏን በቅርቡ የቀበረች አሮጊት ክንዱን ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን የውስኪ ዘፈንህን ዝፈንልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰውዬዬ ጋር የጨፈርንባት ናት።»

«እትዬ፣ ዘፈን ትቻለሁ። ፓስተሩ ከሰሙ ደግመው አይጠሩኝም።»

«ውስኪ ቅዳልኝ አልወጣኝም።»

ግቢው ውስጥ ያቆማትን ፒክአፕ መኪናውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ዘፈነላት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ፓስተሩም ሳህናቸውን እንደያዙ ሰሙት።

በተከታዩ ዓመት ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ዘማሪ ጠራች።