ሰማያዊውን አላወጣውም

ዛሬ ጠዋት ስነሳ፣ ሳሎን ባለው አኳሪየም ውስጥ ሰማያዊው አሳ የቢጫዋን ጭራ ግማሹን ቦጭቆት አገኘሁት።

ሁለቱም ሲክሊድ የሚባሉ አሳዎች ናቸው፣ ዘራቸው ግን ይለያያል። የሸጠልኝ ሰውዬ ያኔውኑ "አብረው አይኖሩም" ብሎኝ ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ከበደም ጭራዋን አይተው "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ዱርዬ አውጪው" አሉኝ። ባሌ ደግሞ መጥበሻ ይዞ ከኪችን ብቅ አለ።

አላወጣውም።

እዚህ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሁላችንም ከየሰፈሩ መጥተን በአንድ ሳምንት ነው የገባነው። ቀድሞ የገባ ስላልነበረ፣ ደረጃውም ግቢውም የኔ ነው የሚል አልነበረም። ሰማያዊው ግን አኳሪየሙ ውስጥ ከቢጫዋ ቀድሞ ስለገባ፣ እዚያ ያለውን ድንጋይ ሁሉ የራሱ አድርጎታል።

እጅጌዬን ሰብስቤ ድንጋዮቹን በሙሉ አወጣሁና ሁለቱም እንደ አዲስ ገቢ እንዲሆኑ ቦታቸውን ቀያይሬ መለስኳቸው። ጋሽ ከበደ "አሁን ይሄ ምን ይለውጣል?" እያሉ ቆመው ያዩኛል።

ሰማያዊው በድንጋዮቹ መሃል የነበረውን ዋሻውን ፈልጎ አጣው። ሦስት ጊዜ ዞረና አንዱ ጥግ ሄዶ ቆመ። ቢጫዋ ወጥታ ምግቧን በላች።

ነገ ደግሞ ቢነክሳት፣ ነገም የድንጋዮቹን ቦታ እቀያይራለሁ።

አብረው አይኖሩም ሲሏችሁ እምቢ ብላችሁ አብረው እንዲኖሩ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ከታች ጻፉልኝ። ጋሽ ከበደ ያነቡታል።