የአያቴ ጥሩምባና የአሸዋው ክምር

ልጅ ሳለሁ ከዳባት ወደ ደባርቅ የተዛወርነው በሚኒባስ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነበር። አያቴ ግን ደባርቅ ለመድረስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

አባቴ ግንበኛ ነው። ያኔ ዳባት ውስጥ አዲስ ቤት የሚሠራው አሮጌው ሲፈርስ ብቻ ነበር፤ አሮጌው ደግሞ ቶሎ አይፈርስም። ደባርቅ ግን አስፋልቱ እየተነጠፈ፣ ለቱሪስቱ ማደሪያ፣ ለሠራተኛው ኪራይ ቤት እየተሠራ፣ በየሳምንቱ አንድ ቅያስ የሚጨመርባት ከተማ ሆና ነበር። አባቴ ሁለት ዓመት ተመላልሶ ሲሰለቸው አንድ ቀን እቃችንን አስጫነ። አያቴ ሚስታቸው ሞተው ብቻቸውን ስለነበሩ አብረውን መጡ። መጡ ከማለት ተጫኑ ቢባል ይቀርባል።

አያ ፈንታ ይባላሉ። ዳባት ሳሉ ከሃያ ዓመት በላይ የእድሩን ጥሩምባ የነፉት እሳቸው ነበሩ። ሰው ሲሞት ሊነጋጋ ሲል ይነሱና ሦስት ቦታ ላይ ቆመው ይነፋሉ፤ ከዚያ ስሙን ይጠራሉ። ብዙ መናገር አያስፈልግም ነበር። «የእማሆይ ልጅ ዐርፏል» ካሉ የትኛዋ እማሆይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዳባት ውስጥ የአንድን ሰው ቤት ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ስለ እናቱ ነው፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደባርቅ በእኛ ሰፈር ግን «ስትደርስ ደውልልኝ» ነበር መልሱ። አያቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ጥሩምባቸውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር አስቀመጡት።

ማታ ማታ ግን ተረት ይነግሩን ነበር። ደባርቅ ብርዷ ክፉ ስለሆነ ገና ሳይመሽ እናቴ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ ፍሙ ላይ ድንች እንቀብራለን። ግድግዳችን ገና ስላልደረቀ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ከባሕር ዛፉ ጭስ ጋር ይደባለቃል፤ መብራት በሄደ ጊዜ ኩራዙ ይለኮስና የአያቴ ጥላ ያልተለሰነው ብሎኬት ላይ ይወዛወዛል። እስከ ዛሬ አዲስ ቤት ስገባ፣ ሲሚንቶው ሲሸተኝ፣ ተረት የሚጀመር ይመስለኛል። እሳቸው ሲጀምሩ «ይህን ያየ የለም፣ የሰማ ግን አይጠፋም» ይላሉ፤ እኛም «እኛም እንስማ» እንላለን።

የዚያ ዓመት ተረቶች ሁሉ ክርክራቸው አንድ ነበር። እንስሳው ይለዋወጣል፤ አሮጌው ቦታ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ደጋግመው የሚነግሩን የጭላዳዎቹን ነበር።

ጭላዳዎች ቀን ከገደሉ አናት ሣር ይግጣሉ፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርደው ድንጋይ ላይ ያድራሉ። አሮጌው ገደል ላይ፣ ይሉ ነበር አያቴ፣ ቅድመ አያቶቻቸው የጨበጡት ድንጋይ ሁሉ በእጅ ብዛት ስለለሰለሰ ጉም ቢወርድም የሚሳሳት አልነበረም። አንድ ቀን ወጣቶቹ ከማዶ ለምለም ሣር ያለበት ሌላ ገደል አዩ። ተሻገሩ። አንድ ሽማግሌ ጭላዳም እያጉረመረመ ተከተላቸው። ቀኑን ጠግበው ዋሉ። ሲመሽ ጉም ወረደ፤ ሁሉም እጁን ወደ ገደሉ ቢሰድ የሚያውቀውን ድንጋይ አጣ። ሽማግሌው «አላልኳችሁም?» አለና ሁሉንም ወደ አሮጌው ገደል መልሶ ወሰዳቸው።

እዚህ ላይ አባቴን ያዩታል። አባቴ ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ እንደተጋገረ ድንቹን ይልጣል።

«ሣሩስ?» አለ አንድ ማታ።

«የቱ ሣር?»

«የማዶው ነዋ። ማን በላው?»

«ይህ ተረት ስለ ሣር አይደለም» አሉ አያቴ።

ሌላ ማታ ደግሞ፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ የጎንደር ዘመዶቻቸው ዳባትን «መኪና ውኃ ለመጠጣት ብቻ የሚቆምባት» እያሉ ይቀልዱባት እንደነበር ነገሩን። ይህን የነገሩን የጎንደሮችን ጥጋብ ለማሳየት ነበር። እሳቸውም ደባርቅን እንዲሁ እንደሚያቃልሏት ያስተዋለ ሰው በቤቱ አልነበረም፣ ከአባቴ በቀር።

በሁለተኛው ዓመት አዲሱ ሰፈር እድር አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ መጥተው «አያ ፈንታ፣ አንቱ እያሉ ጥሩምባውን ለማን እንሰጣለን?» አሏቸው። አያቴ ትንሽ አሰብ እንደማድረግ አሉ፤ ለክብር ያህል ነበር። ሊቀ መንበሩ ሳይወጡ ጥሩምባው ከነጠላው ወጥቶ እየተወለወለ ነበር።

አቶ ባዬ የሚባሉ ጎረቤት ታመው አልጋ ያዙ። አያቴ እሑድ ሄደው ጠየቋቸው። ቤቱን ለይተው ለማወቅ ዞር ዞር ብለው ቢያዩ የቆርቆሮው በር ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ በሮቹን የበየዳቸው አንድ ሰው፣ ቀለሙም አንድ ነበር። ከአቶ ባዬ በር ፊት ለፊት ግን ትልቅ የአሸዋ ክምር አዩ። በዳባት ልማድ ምልክት አድርገው ያዙት። ዳባት ውስጥ አንድ የአሸዋ ክምር ከተራገፈ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ባለቤቱ ለልጁ ያወርሰዋል።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አያቴ ነፉ። ድምፃቸው ሳይሰነጠቅ፣ ቀስ ብለው፦ «አቶ ባዬ ዐርፈዋል። ቤታቸው በታችኛው ቅያስ፣ ከአሸዋው ክምር ፊት ለፊት። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።» ሦስት ቦታ ቆመው እንዲሁ አሉ።

እኔ ውኃ እያፈሰስኩለት አባቴ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ውኃው እየተንጠባጠበ ወደ በር ወጣና ሲመለሱ ጠበቃቸው።

«አባባ፣ ያ አሸዋ እኮ ትናንት ወለል ሆነ።»

«ምን ሆነ?»

«ወለል። እኔ ነኝ የሞላሁት። አሁን አሸዋ ያለው በዚያው ቅያስ ከማዶ፣ ከአንድ ሹፌር ቤት ፊት ነው፤ ማታ ነው የተራገፈው።»

አያቴ ጥሩምባውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ሦስታችንም ሮጥን፤ አያቴ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንደርስ አርባ የሚሆን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ የሹፌሩን በር ሞልቶታል። የሹፌሩ ሚስት እናና ትባላለች። ባሏ ሙላት አይሱዙ ይነዳል፤ ሌሊት ጭኖ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ወርዷል። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው የእናናን ሐሳብ ያውቀዋል። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ በሩን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው አየች። የነገራት የለም፤ መናገርም አላስፈለገም። አሸዋው ላይ ዘፍ አለች።

ለቀስተኛው የአቶ ባዬ ልጅ መስላው አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው እናናን የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ የአቶ ባዬን ልጅ የሚያውቅም እንደዚሁ። «ሙላቴ! ሙላቴ!» ስትል ነው አንዲት ሴትዮ ለቅሶዋን አቋርጣ «ሙላት ደግሞ ማነው?» ያለችው።

አያቴ መሐል ገብተው «ልጄ፣ የሞተብሽ የለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሏት። አላመነቻቸውም። ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ያረጋጋል። ባሏ ጋ ተደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ማወቃችን ያን ጠዋት ብዙም አልረዳም። ሴቶቹ አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ያ ስልክ እስኪጠራ የጠበቅነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አያቴ ከራሳቸው ላይ ጥምጥማቸውን አውርደው በእጃቸው ይዘው ነበር።

በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። ሙላት ዛሪማ ደርሷል፤ ቁርስ እየበላ ነው። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ሲል ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ።

አቶ ባዬ ግን በዚያው ቅያስ ላይኛው ጫፍ፣ በተሞላ ወለል ፊት ለፊት፣ ከሚስታቸው ጋር ብቻቸውን ነበሩ። አያቴ በየአረንጓዴው በር እየሄዱ በመዳፋቸው እያንኳኩ ትክክለኛውን ቤት ተናገሩ። ቀብሩ በሰዓቱ ሆነ፤ ሰውም አልጎደለም።

ማታ ተረት አልነበረም። ጥሩምባው ወደ ነጠላው ተመለሰ። አያቴ «ቅዳሜ ዳባት እገባለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ አልመለስም» አሉ። አባቴ አልተከራከራቸውም፤ ጥፋቱን ለሁለት ሊካፈላቸው ቢሞክር አልሰጡትም። እኔ ሐሙስ ዕለት የቀኝ እግር ጫማቸውን ወስጄ ከብሎኬቱ ኋላ ደበቅሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያላት ዘዴ ይኸው ነው።

ዓርብ ሲመሻሽ እናና መጣች። እናቴ ጠብ ጠብቃ የይቅርታ ቃል አዘጋጅታ ነበር። እናና ከማንደጃው አጠገብ ተቀመጠች፤ ጸጉሯ አሁን በሙሉ ተሠርቷል።

«አንቱ ነዎት ባለ ጥሩምባው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

«ባለቤቴ ትናንት ገባ። ‹እዚህ አገር ሰው አለን እንዴ?› አለኝ። ‹አርባ ሰው አለቀሰልህ› አልኩት። ደስ አለው፣ ይህ ባለጌ።»

አባቴ ሳቁን በሳል አሳለፈው።

«አራት ወር ተቀምጬ በሬን ያንኳኳው ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ብቻ ነበር» አለች። «ከማክሰኞ ወዲህ እነዚያ ሴቶች ባለፉ ቁጥር ‹ባልሽ ደወለ?› ይሉኛል። ሙላት ሌላ ጊዜም በዚያ ገደል ነው የሚወርደው፣ አያ ፈንታ። አንድ ቀን የእውነት ቢሆን ቤቴን እንዳይስቱት መጥተው ይዩት። አሸዋው ነገ ይነሳል።»

አያቴ ዓይናቸውን ፍሙ ላይ ተከሉ። አንዱ ድንች አረረ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ «ያንን ጫማዬን አምጪው» አሉ።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ያለ እሳቸው ሄደ። እሳቸው በየአመሻሹ አንድ አንድ ቅያስ እየያዙ፣ አንዳንዴ እኔን አስከትለው፣ በር ያንኳኩ ጀመር። «የማን ቤት ነው? ከየት ናችሁ? እናትህ በሕይወት አሉ?» አንዱ ከመካነ ብርሃን ነው፣ ጎረቤቱ ከደረስጌ፤ ከኮሶዬ የመጡ ባልና ሚስትም ነበሩ። ብዙዎቹ እሳቸው ሲጠይቋቸው ነው ግድግዳ የሚጋሯቸውን ሰዎች ስም የሰሙት። አያቴ ሲመለሱ የሰሙትን ለእኛ ይተርኩታል፤ ለጥቂት ወራት ተረት በእኛ ቤት ያ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የጭላዳዎቹን እንደገና ጀመሩ። ሁሉም እንደ በፊቱ ሄደ፤ ለምለሙ ሣር፣ ጉሙ፣ ድንጋይ ያጣው እጅ። ሽማግሌው ጭላዳ ዘንድ ሲደርሱ ግን እንጨት ወደ ማንደጃው ጨመሩና፣ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የምወርደው፤ እጄን ያሳረፍኩበትን እያያችሁ ተከተሉኝ አላቸው» አሉ። በማግሥቱም በዚያው ድንጋይ፣ በማግሥቱም በዚያው፣ ድንጋዩ እስኪለሰልስ።

አባቴ ሊጠብቅ አልቻለም። «ሣሩስ?»

«በሉት እንጂ። ታዲያ ለምን ሄዱ?»

ዛሬ በሥራ ምክንያት በሁለቱ ከተሞች መካከል እመላለሳለሁ። ዳባት ስሄድ የሚያውቁኝ ሰዎች «ያቺ ደባርቅ እንዴት ናት?» ይሉኛል፣ ስለ ባለጌ ልጅ እንደሚጠየቅ። ደባርቅ ደግሞ ዳባትን ሚኒባሱ አምስት ደቂቃ የሚቆምባት አድርጎ የሚናገር ወጣት ሞልቷል። እኔ ጋ የቀረው የአንድ ሽማግሌ መዳፍ የቆርቆሮ በር ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ አንድ ሰፈር ወደ ከተማነት የተለወጠው በዚያ ድምፅ ይመስለኛል።

አያቴ ያረፉት እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ስል ነው። ዳባት እንዳይወስዷቸው ቀደም ብለው ተናግረው ስለነበር ቀብራቸው እዚሁ ደባርቅ ሆነ። ጎሕ ሲቀድ፣ ጥሩምባውን ከእሳቸው የተረከበው ሰው ከቅያሱ ራስ ላይ ነፋ። «አያ ፈንታ ዐርፈዋል» አለ። በራችን ላይ ቆሜ የቀረውን ጠበቅሁ፤ የትኛው ቅያስ፣ ከምን ፊት ለፊት። ምንም ሳይጨምር ወደ ሁለተኛው ቦታ አለፈ። መጀመሪያ የእናና በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ ከጎኗ ያለው፣ ከዚያ ከማዶ።