የቀሩት አራት እልልታዎች

እናቴ በሰፈሯ የታወቀችው በእልልታዋ ነው። ይኼን የምለው እናቴ ስለሆነች አይደለም፤ የሰማ ይመስክር። ሠርግ ያለበት ቤት ድንኳን ከመትከሉ በፊት እሷ አገር ውስጥ መኖሯን ያጣራ ነበር። ጥምቀት ላይ ታቦቱ ብቅ ሲል ሴቶቹ ወደ ፊት ይገፏታል፤ እሷ ስትጀምር ሌላው ይከተላል። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አፏን ከለል ታደርግና ከሆዷ ታወጣዋለች፣ ሳይቆራረጥ፣ ትንፋሽ ሳያጥራት። እኔ ዓይኗንና ግልፍተኝነቷን ወርሻለሁ፤ ድምፁን ግን ለራሷ አስቀርታዋለች።

ካናዳ፣ ካልጋሪ የመጣችው ልታርሰኝ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው። እኔና ባለቤቴ ራንድል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከከተማው ባቡር ከሲ-ትሬኑ ጣቢያ ብዙ በማይርቅ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ኪችን ውስጥ ሺፍት እሠራ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ እናቴ ሆስፒታል ውስጥ አጠገቤ ነበረች። አፏን ልትከፍት ስትል ነርሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሌሎቹን አራሶች አሳየቻት። እናቴም አልከፋትም። "ይሁን፣ ቤት ይደርሳል" አለች።

ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ይኼ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ቆጥሮ ነው ምን እንደተወለደ የሚያውቀው። እኔ ልጅ ሆኜ "ለኔ ለምን ሦስት ብቻ አልሽ?" እያልኩ ስነዘንዛት ነው ያደግኩት። "ወጉ ነው፣ እኔ አላወጣሁት" ብላ ትዘጋኛለች።

ከሆስፒታል የወጣን ቀን ሕፃኑን አቅፌ ገና ከበር ስገባ እናቴ ሳሎኑ መሃል ቆማ ጠበቀችን። ፀሐይ ስለነበረ የበረንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነጠላዋን አስተካከለችና ጀመረች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ባለቤቴ እንባው መጥቶ ነበር፣ አሁን ቢክድም። ከሦስተኛው በኋላ ትንፋሽ ስትስብ የጎን ጎረቤታችን ግድግዳውን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ወዲያው ደግሞ የሕንፃው ማኔጀር በሩን እያንኳኳ "ማን ነው የተጎዳው?" ይላል። እናቴ ነጠላውን አፏ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ጎረቤታችን ሴት እየተደበደበች ነው ብሎ ደውሎላቸው ኖሯል። ባለቤቴ የደስታ ጩኸት መሆኑን ሲያስረዳቸው አንደኛው ሕፃኑን አይቶ ፈገግ አለ፤ ሁለተኛው ግን እኔን ለብቻዬ መኝታ ቤት አስገብቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ሥራቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ማኔጀሩ ግን ከሄዱ በኋላ ተመልሶ መጣና እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ከተደገመ ቤቱን እንደምንለቅ ነገረን። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። የማኔጀሩን ጣት ግን አይታለች፤ ከጣቱ በላይ ትርጉም አላስፈለጋትም።

በማግስቱ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ ሊጠይቁኝ መጡ። በሕንፃው ውስጥ ከኛ ሌላ ያሉት ሐበሻ እሳቸው ብቻ ነበሩ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለው ሳሙኝና ከፌስታላቸው ውስጥ ዳንቴል ያለው ሮዝ ቀሚስ አወጡ። "ሦስቷን ሰምቼ ሴት ናት አልኩና ሮጬ ሄጄ ገዛሁ" አሉ።

እናቴ ቀሚሱን አየች። ከዚያ እሳቸውን አየች።

"ወንድ ነው" አለች።

"ውይ፣ ሦስት ነው እኮ የሰማሁት። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተጨመረም።"

"አቋረጡኝ" አለች እናቴ። እትዬ አፍረው ቀሚሱን ሊመልሱት ቢሉ እኔ እምቢ አልኩና ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ልጁን ታጥባለች፣ ታሸዋለች፣ ግን ዝም። አንድ ቀን ጉሮሮዋን እያሳየችኝ "አራቱ እዚህ ቀርተዋል። ሰው የልጅ ልጁን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል?" አለችኝ። እኔም ብልጥ ሆኜ ሻወሩን ከፍተን፣ በሩን ዘግተን ባኞ ቤት ውስጥ ብትጨርሳቸውስ አልኳት። እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም። "እልልታ ከሽንት ቤት?" አለች። ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ በረንዳ ወጣ።

ክርስትናው ላይ ደግሞ ባሰ። ያኔ ማኅበራችን የሚገለገለው ከፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን በተከራየው ምድር ቤት ነበር። ልጁ ተጠምቆ ሲወጣ ከላይ የነሱ ጸሎት ስለነበረ ቄሱ "በቀስታ፣ በቀስታ" አሉ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ውሃ የሚፈላበት ጀበና ድምፅ የመሰለ ነገር አሰሙ። እናቴ አፏን አልከፈተችም። "በሹክሹክታ እልል አይባልም" አለችኝ መኪና ውስጥ። ማታ እራት ላይ ደግሞ ለባለቤቴ "ልጄ፣ ቲኬቴን አስቀይርልኝ፣ መስከረም ሳይጠባ ልሂድ" አለችው። ዓመት ልትቆይ ነበር የመጣችው።

"ምን አጎደልንብዎት?" አላት እሱ።

"እናንተማ ምን ታጎድላላችሁ። እኔ ነኝ። አፌን ዘግቼ መኖር አላውቅም።"

ተናደድኩ። የተናደድኩት ሥራ ስመለስ ልጁን የሚይዝልኝ ስለማጣ ብቻ አይደለም። በዚያ ከተማ እናቴ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ተሰልፎ የጠራት ሴት ፖሊስ የተጠራባት አሮጊት ሆና ልትሄድ ነው። ለኔ ይኼ ነው የማይዋጥልኝ።

ሐምሌ ላይ ኪችን ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሕንዳዊት ወተት የበዛበት ጣፋጭ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። የካልካታ ልጅ ናት፤ ጨዋታ የምታውቅ፣ ሥራ ላይ ሽንኩርት ስንከትፍ እያሳቀች የምታስለቅሰኝ። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ ቅዳሜ ዳውንታውን ኑ አለችን። አምላካቸው በዓመት አንዴ ከቤተ መቅደሱ በሠረገላ ወጥቶ ሕዝቡን የሚያይበት በዓል ነው፤ ሴት ልጇም ከሠረገላው ፊት ትጨፍራለች። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

"ታቦት ያወጣሉ ማለት ነው?"

"ታቦት አይደለም፣ እማዬ። የነሱ ሌላ ነው።"

"ሌላ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ጅል አታድርጊኝ። ይወጣል፣ ሕዝቡ ይከተላል፣ ይዘፈናል። እናያለን። ግን አልሰግድም በያት።"

የመጨረሻዋን አልተረጎምኩም።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረ ሕፃኑን በጋሪ አድርገን በሲ-ትሬን ሄድን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ምናልባት ከበዓላቸው ምግብ ቢሰጡን ብላ እምቢ ማለቻ የሚሆን ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ዳውንታውን ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል። መጀመሪያ የመጡት መጥረጊያ የያዙ ሴቶች ናቸው፤ ሠረገላው የሚያልፍበትን አስፋልት ይጠርጋሉ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "እኛ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ እነሱ ይጠርጋሉ" አለች። ደስ ብሏታል። ቀጥሎ ከበሮ መቺዎቹ መጡ፤ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሁለቱም ጎን በእጅ ይመታሉ። ይኼንንም አየችና ራሷን ነቀነቀች።

ሠረገላው የፎቅ ቁመት አለው። ከላይ ቀይና ቢጫ ጨርቅ እንደ ትልቅ ጥላ ተወጥሮበታል፣ ዙሪያውን በአበባ ተሸፍኗል፣ ውስጡ ትልልቅ ዓይን ያላቸው አማልክታቸው ተቀምጠዋል። ሞተር የለውም። ሁለት ረጃጅም ገመድ አለው፣ ያንን ሕንዱም፣ ፈረንጁም፣ ጥቁሩም ተጋግዞ ይጎትታል። እናቴ አማልክቱን አንዴ አየችና አማተበች፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከጎታቾቹ አልነቀለችም።

ከፊታችን ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ የሲ-ትሬኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ሠረገላው እዚያ ሲደርስ ቆመ። ከበሮውም ጸጥ አለ። ላይ የተቀመጡት ሰዎች ያንን ትልቅ ጥላ ቀስ አድርገው ወደ ታች ማጠፍ ጀመሩ።

"ሊነካው ነው" አለች እናቴ። ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። "ዝቅ አድርጉት። ትንሽ ዝቅ። የቀኙን እይ፣ የቀኙን።" በአማርኛ ታዛለች፣ ማን እንደሚሰማት እንጃ። ሠረገላው ዝቅ እንዳለ በሽቦው ሥር አለፈ፤ ማዶ ሲደርስ ጥላው እንደገና ወደ ላይ ተነሳ። ከበሮው ፈነዳ። የጓደኛዬ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እግሯ ላይ ያሰረችውን ቃጭል እያንሿሿች ከፊት ገባች። እዚያው ከገመዱ አጠገብ የነበረችው እናቷ ደግሞ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገችና እልል አለች።

እልልታ ነው። ከኛ ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ግን እልልታ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት።

እናቴ ክንዴን ለቀቀች። "እነዚህም ያውቃሉ?" አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ የተመለከተችው ሴቶቹን አይደለም፤ መስቀለኛው ላይ መኪና የሚያግደውን ፖሊስ ነው። ፖሊሱ አንድ እጁን ለመኪኖቹ ዘርግቶ ቆሟል። ሴቶቹ ሲደግሙት ዞር ብሎም አላየም።

"ዝም አላቸው" አለች።

"ዝም አላቸው፣ እማዬ።"

ጋሪው ላይ ጎንበስ ብላ ልጁን አነሳችው። ጀርባዋን ለሠረገላው ሰጥታ ዞረች፣ እልልታው የማን እንደሆነ ማንም እንዳይሳሳት። የልጁን ፊት እያየች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የመጀመሪያውን ስትለቀው አጠገባችን የቆመ አንድ ረጅም ፈረንጅ ባርኔጣውን ይዞ ዞረ። ሁለተኛው ላይ ጓደኛዬ ከሰልፉ ውስጥ አየችንና እጇን አነሳች። ሦስተኛውን ሕንዶቹ ሴቶች ተቀበሉት፤ መጎተቱን ትተው ወደ እኛ እያዩ ይመልሱላታል። አራተኛውን እስከ መጨረሻው አስረዘመችው። ብዙ ሠርግ ላይ ሰምቻታለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቻት አላውቅም። ሰዉ አጨበጨበላት። "የኔ እናት ናት" አልኩት ፈረንጁን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሴቶቹ እንድትጨምር በእጃቸው ለመኗት። እሷ ልጁን ጋሪው ውስጥ መልሳ አስተኛችና ነጠላዋን አጣፋች። ጨርሳለች።

ሠረገላው አልፎ መንገዱ ሲከፈት ያ ፖሊስ ወደ እኛ መጣ። እኔ ጋሪውን ወደ ራሴ ሳብኩ፤ እናቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሕፃኑ ላይ ጎንበስ አለና "ቦይ ኦር ገርል?" አለ። ተርጉሜ ሳልጨርስ "ቦይ" አለችው። ቀጥላ ጣቶቿን ዘርግታ "ሰባት" አለችው፣ በአማርኛ። ፖሊሱ እንደገባው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ስንመለስ ሲ-ትሬን ላይ ዳቦዋን እየቆረሰች ትበላለች። "ያቺ ሮዝ ቀሚስ የት አለች?" አለችኝ።

"ካርቶን ውስጥ። ለእትዬ ልመልስላት?"

"ምን ብለሽ። ቀጣይዋ ትለብሳታለች።"

ስለ ቲኬቱ አልጠየቅኳትም፣ እሷም ዳግመኛ አላነሳችውም።

ሁለተኛዋን ስወልድ እናቴ አሁንም ከኛ ጋር ነበረች። ከሆስፒታል ስንገባ እንደበፊቱ ሳሎኑ መሃል ቆማለች፤ የበረንዳውን በር ራሷ ሄዳ ከፈተችው። ለማኔጀሩ ባለቤቴ ጠዋት ነግሮት ነበር። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እኔም በቃ ብዬ ልቀመጥ ስል አራተኛውን ጀመረች። አየኋት፤ እሷ ግን እኔን እያየች ነው፣ ልጅቷን አይደለም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

በማግስቱ እትዬ የወንድ ሱሪ ይዘው መጡ።