ያ አፈሙዝ ስንት ጊዜ ተጠረገ

ልጆቹ ጠይቀውኝ ነው ይህን የማወራው፤ የልጆቼ ልጆች ማለቴ ነው። «እማማ፣ አያታችን የኢላማውን ጨዋታ ለምን ተዉት?» ይሉኛል፣ ፎቶው ላይ የአየር ጠመንጃ ታቅፎ ሲያዩት።  እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። እንግዲህ ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሱኝ።

ሚዛን ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጣውላ አቁመን ነበር። ጣውላው ላይ የለስላሳ ቆርኪ በሚስማር አንጠልጥለናል፣ ከላይ ደግሞ የክብሪት እንጨት ሰክተናል። አንድ ሰው ሦስት ጥይት ይተኩሳል፤ ቆርኪ ያወረደ ከረሜላ፣ ክብሪት የሰበረ ሳሙና ይወስዳል። ጠመንጃው ሰው የሚገድል አይደለም። አፈሙዙን ወደ ታች ሰበር አድርገህ አየር ታምቅበታለህ፣ ጥይቱም ምስር የምታህል እርሳስ ናት። ሰው ግን ይወደው ነበር። ከአጠገባችን ከሸዋ ቤንች ቡና ይዞ የመጣ ገበሬ፣ ከቴፒ የመጣ ተማሪ፣ መኪና የሚጠብቅ ሁሉ ይሰለፋል። አያታችሁ ሰው ሲመታለት ነበር ደስ የሚለው። ክብሪት ተሰብሮ ሳሙና ሲሰጥ ያሸነፈው እሱ ይመስል ነበር።

አንድ ክረምት ጠመንጃው መሳት ጀመረ። መጀመሪያ ጎረምሶቹ ቀለዱ።

«ፋዘር፣ ሳሙናው ለጌጥ ነው እንዴ የተቀመጠው?»

«ኧረ ሳሙናው አርጅቷል፣ ጢም አውጥቷል!»

ቀልዱ ውሎ አድሮ ከፋ። አንዱ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ «አፈሙዙን ራሳቸው ናቸው ያጣመሙት፤ ማንም እንዳይወስድባቸው» አለ። አያታችሁ ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ በጀርባው ሌባ ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ «ይሄ ነገር ካልተስተካከለ እዘጋዋለሁ። በማውቀው ሰው ፊት አጭበርባሪ ተብዬ አልቆምም» አለኝ።

«ቆሻሻ ይሆናላ፤ እስቲ ስጠኝ» አልኩት።

ሰበር አድርጌ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አየሁት። እውነትም ውስጡ ግራጫ ሆኗል፤ እርሳሱ እየተፋቀ ጠመዝማዛውን ቦይ ሞልቶታል። እኔ ደግሞ ጠመንጃ መጥረግ ለምጃለሁ። አባቴ ከሰሜን ነፍጡን ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ ቁርስ ሳይቀምስ በፊት ይወለውለዋል። ሴት ልጅ ብሎ አልተወኝም፣ ሲባጎ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሬ በአፈሙዙ የምጎትተው እኔ ነበርኩ። «እንደ መስታወት ካላበራ ጠረግሁ አትበይ» ይለኝ ነበር፤ ካላበራ ያስደግመኛል። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ አጥንቴ ውስጥ የገባ ነገር ነው።

እና ጀመርኩ። መጀመሪያ በቀጭን የቡና እንጨት ሞከርኩ፤ ቀጭ ብሎ ውስጡ ቀረ። እሱን ለማውጣት ግማሽ ቀን ሄደ፣ ራሴንም የረገምኩትን ያህል ረገምኩ። ከዚያ ወደ ሲባጎዬ ተመለስኩ። ያረጀ ነጠላ ቀድጄ ነጭ ጋዝ ነክሬ ጎተትኩ፤ ጥቁር ወጣ። ከመብራት ገመድ ውስጥ ቀዩን ሽቦ አውጥቼ ጠቅልዬ ደገምኩ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ የእርሳስ ፍርፋሪ ረገፈ። ደስ አለኝ! ውስጡ አበራ። በማግስቱ ከሸኮ የመጣ ሰውዬ ተኮሰ፤ ሦስቱንም ሳተ። ሁለተኛው ሰው ሳተ። ሦስተኛውም ሳተ።

«አልጠራም ማለት ነው» አልኩና ወስጄ እንደገና ጠረግሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ሦስት ሰው ከሳተ ጠመንጃው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ጣውላው ጀርባ በርጩማዬ ላይ ሆኜ እጎትታለሁ። እጄ ነጭ ጋዝ፣ ቀሚሴ ነጭ ጋዝ። አያታችሁ ምሳ ላይ ሽሮውን አሽትቶ፣ «ዛሬ ወጡን በላምባ ነው እንዴ የሠራሽው?» ይለኛል።

«አንተ በዝናብ ባታወጣው ኖሮ ወጡም ወጥ ይሆን ነበር።»

«ታዲያ ሚዛን ላይ ዝናብ የማይዘንብበትን ቀን ንገሪኝና ያን ቀን ላውጣው!»

እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይነድ ነበር። ሥራ ጠልቼ አይደለም። የሠራሁት ሥራ እያበራ፣ እያየሁት፣ ምንም አለመጥቀሙ ነው ያናደደኝ። ድስት ብትፈገፍጉት ይጠራል፣ ልብስ ብታጥቡት ይነጣል። ይሄ ብረት ግን ባጸዳሁት ቁጥር የባሰ የሚሳሳት ይመስለኝ ጀመር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እብድ እንዳልባል።

የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ራሴ ጠርጌ፣ አብርቶ፣ በእጁ ሰጠሁት። ሁለት ጎረምሶች ሳቱና ያንኑ የተለመደውን ነገር አነሱ፤ ተጣሟል፣ ተበላሽቷል። በዚህ ጊዜ አያታችሁ ትዕግሥቱ አለቀ። «አምጣ ወዲህ!» ብሎ ጠመንጃውን ተቀበለና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አነጣጠረ። ጊዜ ወስዶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተኮሰው፤ አጠገቡ ነበርኩና አይቻለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ቆርኪዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«እሳቸውም አልቻሉበትም!» ብሎ አንዱ ሳቀ፤ ይሄ እንኳ ባልከፋ። ከኋላ ሌላው፣ «አውቀው ነው የሳቱት፤ ለማስመሰል ነው» አለ።

አያታችሁ ወደ ጣውላው ሄደ። ፒንሳውን አንስቶ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ።

«ነገ አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቄ ልጥረገውና» አልኩት።

«ተይው በቃ፤ ስትጠርጊው እጅሽ አለቀ።»

በዚያው ሳምንት ጠመንጃውን ለአንድ የቴፒ ባለሱቅ አሳልፎ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ በመናኸሪያው በኩል አልፎ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው።

እሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ ልጄን ልጠይቅ ቴፒ ሄድኩ። አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቦ ይጮሃል። ቀረብ ስል ጠመንጃችን ነው! አንዲት ተማሪ ክብሪቱን እኩል ሰበረችው። ባለሱቁን ጠርቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ብድግ ብሎ ሳመኝ።

«ልጄ፣ በምንድን ነው የምትጠርገው?» አልኩት።

«እኔ? በምንም። ከእናንተ ቤት ሲመጣ ውስጡ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፣ ግን ይስት ነበር። ሰልችቶኝ ዝም ብዬ ስተኩስበት ራሱ ተስተካከለ። በኋላ አንድ የሚያውቅ ሰው ነገረኝ፤ እንዲህ ያለው ጠመንጃ በጣም ሲቆሽሽም ይስታል፣ በጣም ሲጸዳም ይስታል። ከተጠረገ በኋላ ውስጡን ትንሽ እርሳስ እስኪቀባው ድረስ ሠላሳ አርባ ጥይት ሊያልፍበት ይገባል አለኝ። ያን ያህል ሳይተኮስበት ልክ አይመታም።»

በእኛ ቤት ዘጠኝ ጥይት ካለፈ በኋላ እጠርገው ነበር።