የደባርቁ በር ገንዳ ውሃ ሲገባ

ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ከኔ በላይ ሆኖ የገባው የቤቴ በር ነው። እኔ ከውስጥ በሰውና በማዳበሪያ ከረጢት መካከል ተጣብቄ፣ እሱ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ተንጋሎ ነፋስ እየበላ። ጎንደር ላይ ስናስጭነው ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየውና፣

“አባባ፣ ቤቱ በሌላ መኪና ነው የሚመጣ?” አለኝ።

“ቤቱንማ ሸጥሁት።”

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በራሴ ላይ ሲሳቅ ማንንም አላስቀድም።

እውነቴን ነበር። ልጃችን ቆላ ወርዳ ገንዳ ውሃ በነርስነት ተቀጥራ እዚያው ወለደች። ከዚያ ወዲህ ከባለቤቴ ጋር ደባርቅ ላይ ብርድ መካፈሉ ትርጉም አጣብን። ቤቱን ስሸጥ ግን “በሩ የኔ ነው” አልሁ። የጥድ በር ነው፣ ለሁለት ጎልማሳ ሸክም። ከመሃሉ ወረድ ብሎ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ቦታ አለው፤ ባለቤቴ በየማለዳው ፀሐይ እየሞቀች ጥጥ ስትፈትል ጀርባዋን ያስደገፈችበት ነው። በጎልማሳነታችን ፎቶ ያነሳን የለም፤ ያቺ ልሙጥ ቦታ ግን አለች።

ባለቤቴ ወዲያው አልተከተለችኝም። “አንቱ ይቅደሙ። መጥቼ አየዋለሁ። ከጠላሁት እህቴ ዘንድ እመለሳለሁ፤ አንቱም በሩን ታቅፈው ይኖራሉ” አለችኝ። ስትቀልድ አልነበረም።

እንግዲህ ቤት ማሳመር ጀመርሁ። እንደ ሙሽራ አደረገኝ፤ ጥርሱ እንደረገፈ ሙሽራ። ልጄ ከግቢዋ አንድ የጭቃ ክፍል ሰጠችኝ። ግድግዳው ከጣራው ሥር ዙሪያውን እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። ቆለኞች ሰንፈው የተዉት መስሎኝ በጭድ ጭቃ ድርግም አድርጌ ደፈንሁት። መስኮቱንም አጠበብሁት። በሩን አናጢ ገጠመልኝ። ሲዘጋ ድምፁ ያው የደባርቅ ድምፅ ነው፤ ደስ ብሎኝ እየከፈትሁ ዘጋሁት። ቁልፉን ልሞክር ብል ኪሴ ውስጥ የለም። ኮቴን አራገፍሁ፣ ሻንጣዬን ገለበጥሁ። “በሩን ያህል ነገር ተሸክመህ መጥተህ ቁልፉን ትጥላለህ፣ አንተ ባዶ ራስ” እያልሁ ራሴን ስሰድብ ጎረቤቴ ሰማኝ። መተማና ሱዳን ሲመላለስ የሸበተ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። የደፈንሁትን ዞሮ አየና፣

“አባቴ፣ ዳቦ ሊደፉበት ነው?” አለ።

“ነፋስ እንዳይገባብን ነው።”

“እዚህማ ነፋስ ሲመጣ ደጁን ጠርገን ነው የምንቀበለው። ረኩባ ይሥሩና እሱ ሥር ይተኙ።”

ረኩባ የሚሉት ሣር የለበሰ፣ ግድግዳ የለሽ ዳስ ነው። እንጨቱን ራሱ ሰጠኝና ለእንግዳ ማረፊያ ይሆናል ብዬ ሠራሁት። ግድግዳ በሌለው ቤት ደገኛ ሲተኛ የት ታይቷል? ሌሊት ላብ ሲያጥበኝ “ጭቃው ገና ስላልደረቀ ነው” እያልሁ ራሴን አታልል ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ መጣች። ልቀበላት ብዬ ጫማዬን ስወለውል ልጄ አይታ ስቃብኛለች። ባለቤቴ በሩን ዳሰሰችው፣ ፈገግ አለች። ገባች። ወዲያው ፊቷ በላብ ተጠምቆ ወጣች።

“አንቱ ሰውዬ፣ ሊቀቅሉኝ ነው የጠሩኝ?”

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጓዟን ሳትፈታ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

“የልጅ ልጄን ሳምሁ፤ ይበቃኛል። ነገ በጧቱ መኪና እመለሳለሁ።”

ከዚያ ጀርባዋን ወደ ዛፉ አስጠጋች፤ ቅርፊቱ ቆረቆራትና ተላቀቀች። ወዲህ ዞረች፣ ወዲያ ዞረች። ጀርባዋ ምን እንደሚፈልግ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሮጥሁ ብል ጉልበቶቼ ይታዘቡኛል፤ እየተንገዳገድሁ ጎረቤቴን ጠራሁት። በሩን ነቅለን ረኩባው ሥር በብሎኬት ላይ አጋደምነው።

“ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውት የመጡት አልጋ ነው እንዴ?” አለ እያለከለከ።

“እኔም ገና አሁን ማወቄ ነው።”

ባለቤቴ መጥታ በመዳፏ እንጨቱን ፈለገችው። ልሙጡን ስታገኝ ጀርባዋን ሰጠችውና ጋደም አለች። ነፋሱ ከየጎኑ ገባ። ባጃጅ ጮኸ፣ ሰሊጥ የጫነ ትራክተር አለፈ፤ አልነቃችም። እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ በባርኔጣዬ ዝንብ እከላከላለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀንም አልነበረኝም፤ ያኔ ጫማው ጠብቦኝ ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነቃች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችው።

“አንቺ ጋ ነበር?”

“አንቱ ጋ ቢሆንማ ይጥሉት ነበር። በሉ ያስቀምጡት።”

“አሁን ምን ይቆልፋል?” አልኋት። በላያችን ሣር፣ በዙሪያችን ሜዳ ነው።

“የበሩ ቁልፍ አይደል? አብሮት ይኑር” አለችና ጓዟን ወደ ራሷ ስባ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

እኔ ቁልፉን የምሰቅልበት ምስማር ፍለጋ ተነሳሁ።